ቀዩ መስመር የጠፋ ጊዜ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሰው ሁሉ ስልኩን በደረት ኪሱ ይዞ በሚዞርበት በእኛው ዘመን፣ በባቲ ከተማ ከገበያው ዝቅ ብላ ባለች አንዲት ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ውስጥ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሦስት ሠራተኞችና አንዲት አስተማሪ ነበሩ። አስተማሪዋን እትዬ ብርቄ ይሏታል። ሦስቱ ደግሞ ጦይባ፣ ይመርና ኑርዬ ናቸው። ይህን ነገር የማወጋችሁ እንድትፈርዱልኝ ነው፤ እኔ ፈርጄ ፈርጄ ደክሞኛል።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ሰው ሲቃጠል፣ ሲሰበር፣ ጊንጥ ሲነድፈው፣ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ምን ይደረግለት የሚለውን በብዙ ቋንቋ የሚናገር አንድ ድረ ገጽ ነበረ። ዋናውን ሐኪሞች በእንግሊዝኛ ይጽፉታል፤ አማርኛውን የሚተረጉሙት እነዚህ የባቲ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አልፎ አልፎ ከሌላ ከተማ ሆነው የሚያግዟቸውም አሉ። ሐኪሞች ደግሞ ሐሳብ ይለውጣሉ። ዘንድሮ አድርጉ ያሉትን ከርሞ አታድርጉ ይላሉ። ስለዚህ ትርጉም አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ እንደ ሣር ክዳን በየጊዜው ካልታደሰ ያፈሳል።

እትዬ ብርቄ በመጀመሪያው ትምህርት የነገረቻቸው ይህንን ነው። ገጾቹ የሚቀመጡበት ማከማቻ ምንም አይረሳም። ማን የቱን ቃል እንደለወጠ ይይዛል፤ የተሻረውንም አይጥልም፤ ያስፈለገው ሰው ሁሉንም ወደ ድሮው ሊመልሰው ይችላል። በእያንዳንዱ የአማርኛ ገጽ አናት ላይ ደግሞ አንድ ቁጥር አለ። ቁጥሩ «እኔ የተተረጎምኩት ከዚህኛው እንግሊዝኛ ነው» ማለት ነው። እንግሊዝኛው ታድሶ አማርኛው ወደ ኋላ ከቀረ፣ ማሽኑ የሁለቱን ቁጥር አስተያይቶ በገጹ ራስ ላይ «ይህ ገጽ አርጅቷል» የሚል ቀይ መስመር ያወጣል።

«መጀመሪያ ጽሑፉን፣ መጨረሻ ቁጥሩን፤» ትላቸው ነበር። «ቁጥር መሐላ ነው። ያላነበባችሁትን አንብቤያለሁ ብላችሁ እንዳትምሉ።»

ሌላም ሕግ ነበራት። ማንም የሠራውን ራሱ አያወጣም፤ ሁለተኛ ዓይን ሳያየው ለሕዝብ የሚደርስ ቃል የለም። ያቺ ሁለተኛ ዓይን እሷ ናት። እንደ ፍላሽ ያለች ትንሽ ቁልፍ አለቻት፤ ያቺ ቁልፍ ኮምፒውተሩ ላይ ካልተሰካች ምንም ነገር ወደ ድረ ገጹ አይወጣም። ብርቄ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራት ትዞራለች። አሁን ግን የመምህርነት ሥራዋ ወደ ወልዲያ ተዛውሮ ልትሄድ ነው። ቁልፏን ከሦስቱ ለአንዱ ትታ መሄድ አለባት። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነውና ልብ በሉልኝ፤ ቁልፉን የያዘ ሰው፣ በአማርኛ የሚያነብ የተጨነቀ ሁሉ ምን እንደሚሰማ የሚወስን ሰው ነው።

ጦይባ ልብስ ሰፊ ናት። ትርጉሟም እንደ ስፌቷ ነው፤ ሳትለካ አትቆርጥም። አንዱን ገጽ ስትጨርስ ልብስ ሊያሰፉ ለመጡ ገበሬዎች ታነብላቸዋለች፤ ካልገባቸው አፍርሳ ትሠራዋለች። ይመር «አንቺ እስክትጨርሺ እኮ በሽተኛው ድኖ ልጅ ይድራል» እያለ ያበሽቃታል። እሷም ሳቅ ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች።

ይመር መናኸሪያው በር ላይ ስልክ ይጠግናል። እጁም አፉም ፈጣን ነው። የማያውቀው ሾፌር፣ ያልተጣላውና ያልታረቀው ረዳት የለም። ድረ ገጹን ለአገር ያዳረሰው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ስልኩን ሊያሠራ የመጣ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ገጹ ተከፍቶለት ይሄዳል።

ኑርዬ ዝምተኛ ነው። አባቱ ሲሞትበት አጎቱ ሙሄ እንደ ልጁ አድርጎ ነው ያሳደገው። ከሰላምታ በላይ ብዙ አይናገርም፤ የማከማቻውን አሠራር ግን ከአስተማሪዋም ይልቅ ያውቀዋል። ሌሎቹ ሥራቸውን ሲያበላሹ «ኑርዬ ድረስልን» ይሉታል፤ እሱም መጥቶ ነገሩን ወደ ነበረበት መልሶላቸው፣ ምንም ሳይል ቦታው ይቀመጣል።

ታዲያ ይመር መናኸሪያው ላይ አንድ ነገር አስተዋለ። ገጹን የከፈተለት ሰው ቀዩን መስመር ሲያይ ስልኩን ይዘጋል። «አርጅቷል ይላል እኮ» ይሉታል። አንድ ቀን ልጇ በፈላ ውኃ የተቃጠለባት እናት ቀዩን አይታ ገጹን ዘጋችና ልጁን የጥርስ ሳሙና ቀባችው። ልክ የሆነው ምክር እዚያው መስመር ሥር ተጽፎ ነበር። ይመር ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ያልተነበበ ምክር ምን ይጠቅማል ብሎ ተቀመጠና የገጾቹን ሁሉ ቁጥር ከአዲሱ እንግሊዝኛ ቁጥር ጋር አስተካክሎ ለወጠ። ጽሑፉን አልነካውም። ሰው ያንብብ፣ ጽሑፉን ቀስ እያልን እናደርሳለን ነበር ሐሳቡ። «ገጾቹ ታድሰዋል» ብሎ ጽፎ ለብርቄ ሰደደላት።

ብርቄ ለውጡን ከፈተችው። ቁጥር አለፈ፣ ቁጥር አለፈ፣ ደግሞም ቁጥር። ጽሑፉ ወደ ታች ይመጣል አለችና፣ ዕቃ ልትጭን የቀጠረችው ሰው በር ላይ ስለቆመ፣ ሳትጨርሰው ቁልፏን ሰክታ አወጣችው። ከዚያ ድረ ገጹን ከፍታ ብታየው ቀይ የሚባል ነገር የለም! ደስ አላት፤ ክፍሉ ውስጥ ባሉት ሁሉ ፊት «ይመር፣ አንበሳ!» ብላ አጨበጨበችለት። ሁሉም አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ ጦይባ የእባቡን ገጽ ይዛ መጣች። የድሮው አማርኛ «ከተነደፈበት ቦታ በላይ በገመድ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ» ይላል። ሐኪሞቹ ግን ይህን ከሻሩት ቆይተዋል፤ አዲሱ እንግሊዝኛ አትሰሩ ነው የሚለው። ጦይባ ይህንን ለክታ፣ ቆርጣ፣ ሰፍታ ጨርሳለች። ሕጉን አክብራም ለሁለተኛ ዓይን አቀረበችው።

ብርቄ ሻንጣዋን እያሰረች «የእባቡ ገጽ ቀይ አይደለም እኮ ጦይቤ፤ ምን አጣደፈሽ? ዕቃዬን ልጨርስና አየዋለሁ፤» አለቻት።

ጦይባ ደነገጠች። ገጹ ስህተት እንደሆነ ታውቃለች፤ ቀዩ ለምን እንደጠፋ ግን አልገባትም። ልትናገር አፏን ከፈተች። ተናግራ አስተማሪዋን በሰው ፊት ማሳፈር፣ ይመር ላይም ነገር መሥራት መሰላትና ዘጋችው። ይሉኝታ ያዛት። «እሺ እትዬ» ብላ ወጣች።

የሽኝቱ ቅዳሜ ደረሰ። ሦስቱም የሠፈሩም ሰው ተሰብስቧል፣ ለስላሳ ተከፍቷል፣ ቁልፏም ለመጨረሻ ጊዜ የብርቄ ኮምፒውተር ላይ ተሰክታለች። የኑርዬ ስልክ ጮኸ። የአጎቱ የሙሄ ልጅ ከማል ነው፤ ከማሳው ነው የሚደውለው። መስማት ስላስቸገረው ኑርዬ ድምፁን ለሁሉ ከፈተው።

«ኑርዬ! አባን እባብ ነደፈው! ማሽላው ውስጥ!»

«መቼ?»

«ጠዋት። ገጹን ካየን በኋላ ኔትወርክ እምቢ ብሎን እኮ ነው። ግን አብሽር፣ እንደ ገጻችሁ አድርገነዋል።»

«እንደ ገጻችን ምን አደረጋችሁት?»

«አሰርነዋ! በጠፍር፣ ጥብቅ አድርገን። ድሮ ቀይ ነገር ነበረበት፤ አሁን ስናየው የለም። ታድሷል ብለን አመንነው። ግን ኑርዬ... እግሩ ጠቆረብን። ልፍታው?»

ብርቄ ገጹን ከፈተችው። ቀይ የለም። «ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ።» የለውጡን ታሪክ ከፈተችው። የይመር ስም አለ፤ ሥሩ ቁጥር ብቻ። ከይመር ሥር ደግሞ ያሳለፈው ሰው ስም ተጽፏል፤ ብርቄ። ያጨበጨበችበትን እጇን አየችው፣ የሰው እጅ መሰላት። ሰው ለማዳን ብለው ባቋቋሙት ገጽ፣ ከራሳቸው ሰው የአንዱን አጎት! የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ፍታው ልትል ፈለገች፤ ቃሉ ግን አልወጣላትም። ባለመውጣቱ ዛሬም ድረስ ፈጣሪዋን ታመሰግናለች።

አሁን ሦስቱ ያደረጉትን ስሙኝ።

ጦይባ ስልኩን ከኑርዬ እጅ ነጠቀችው። ድምፅዋን እንደዚያ ከፍ ብሎ የሰማው ሰው የለም። «ከማል፣ ጦይባ ነኝ! እንዳትፈታው! ትሰማኛለህ? አትሰሩ ነው ሕጉ፤ አንዴ ከታሰረ ግን የሚፈታው ሐኪም ነው። አትቁረጡት፣ አትምጠጡት። አንድ እርምጃ እንዳይራመድ። እግሩ እንዳይነቃነቅ አድርጋችሁ በቃሬዛ አውጡት፤ የታሰረበትን ሰዓት ለሐኪሙ ንገሩት።» ይህን ያለችው ከየትም አንብባ አልነበረም። ስትለካው የከረመችው ቃል ስለሆነ በቃሏ ወጣላት። ያን አማርኛ በዚያች ሰዓት የሚያውቅ ሌላ ሰው በአገሩ አልነበረም።

ይመር ፊቱ አመድ መስሎ ወጣና ሞተር ሳይክሉን አስነሣ፤ በሌላው እጁ ይደውላል። በዚያ መስመር ሽንኩርት ጭኖ የሚሄድ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ያውቃል፤ ባለፈው ወር ተጣልተው ነበር። «ወንድሜ፣ ዙርልኝ! ጭነቱን አራግፍ፣ ዕዳው በእኔ!» አለው። ሾፌሩም ዞረ። መኪና ከማይገባበት ማሳ እስከ ዋናው መንገድ ይመር የቃሬዛውን ፊት ይዞ ወንዝ ተሻገረ። ሙሄን ሽንኩርቱ መሀል አስተኝተው፣ እግሩን ይመር አቅፎት፣ ሆስፒታል አደረሱት።

ኑርዬ ደግሞ... ኑርዬ የሄደው ወደ አጎቱ አይደለም። ወደ ኮምፒውተሩ ነው።

«እትዬ፣ ይነሱልኝ፤» አላት።

«ምን ልታደርግ?»

ኑርዬ ከወንበሩ ዳር ገፋ አድርጓት ተቀመጠ። ቁልፏ ተሰክታለች። የአማርኛውን ድረ ገጽ እንዳለ፣ ይመር ቁጥሩን ከመለወጡ በፊት ወደ ነበረበት መለሰው፤ ቀዩ መስመር በያለበት ተመልሶ ወጣ። በዚያ ላይ ማንም ያላየውን የጦይባን የእባብ ገጽ አስገብቶ አወጣው።

አንዷ ሴት ከኋላ «ኧረ በአላህ! አሳዳጊህ እየሞተ አንተ ኮምፒውተር ትነካካለህ?» ብላ ጮኸችበት።

«አጎቴን ጦይባና ይመር ይዘውልኛል፤» አለ ዓይኑን ሳያነሣ። «ይህን ገጽ አሁን የሚያነበውን ሌላ ሰው ማን ይዞታል?»

ብርቄ ምላሷ ሲፈታላት «ኑርዬ፣ ሁለተኛ ዓይን ሳያየው?» አለች። ለምን ያን እንዳለች ራሷም አታውቅም።

«ሁለተኛው ዓይን አይቶ ነበር እኮ፣ እትዬ፤» አላት። እንባው የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ሙሄ ዳነ። እግሩን ግን ከጉልበቱ በታች አጣው። ሐኪሙ «ገመዱን ማሳ ላይ ፈታችሁት ቢሆን መርዙ በአንዴ ይለቀቅበት ነበር። በእግሩ ቢራመድም፣ ብትዘገዩም ሰውየውን አታገኙትም ነበር። ባታስሩት ኖሮ ደግሞ ምናልባት እግሩም ይተርፍ ነበር፤» አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከመተማ በኩል አንዲት የማያውቋት ሴት ጻፈችላቸው። በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ከሰዓት፣ ባሏ ተነድፎ ጠፍር በእጇ ይዛ ገጹን ስትከፍት አትሰሩ የሚል አገኘች። ባሏ ዛሬ በሁለት እግሩ ይሄዳል።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። ኑርዬ ሁሉንም ወደ ድሮው ሲመልስ፣ ከይመር በኋላ ሌሎች ሰዎች በእውነት ያደሷቸውን ገጾችም አብሮ አውርዷቸው ነበር። ከማከማቻው ባይጠፉም ከአደባባይ ጠፍተዋል። መናኸሪያ ላይ ሌላ እናት፣ ሕፃኗ የተቃጠለባት፣ ገጹን ከፍታ ቀዩን ስታይ መልሳ ዘጋችው። ይመር የፈራው ያው ነገር ደረሰ።

ብርቄ መሄዷን አዘግይታ ቆየች። ሙሄ በክራንች መቆም ሲችል ሁሉንም ጠራችና ቁልፏን ከአንገቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

«እኔ ልፈርድ አልችልም፤» አለች። «ሳላይ አሳለፍኩ፣ ሳላይ አጨበጨብኩ። እናንተው ንገሩኝ።»

ጦይባ ቀድማ ተናገረች። «ለኑርዬ ይሰጥ። እኔ እውነቱን በእጄ ይዤ ይሉኝታ ቀፍድዶኝ ተቀመጥኩ። አያ ሙሄ የታሰረው በእኔ ዝምታ ነው። ኑርዬ ግን የገዛ ሥጋውን ትቶ የማያውቀውን ሰው አሰበ፤ የቁልፍ ሥራ ይኸው ነው።»

ኑርዬ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ሕግ ጥሼ ነው የገባሁት። የዛሬው ቀና፤ ነገ ደግሞ ተሳስቼ ብጥሰውስ? ለይመር ስጡት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ከእንግዲህ ጽሑፉን ሳያነብ ቁጥር የማይነካ ሰው በዚህ ቤት ቢኖር ይመር ነው።»

ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ «ላጠፋ ሽልማት!» አለ። ሌላው «ጦይባ ቃሉን ባትሠራው ኑርዬ ምን ያወጣ ነበር? ከማልስ ምን ይሰማ ነበር?» ብሎ ተነሣ። ይመር በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ወደ ውስጥ አልገባም። በየቀኑ ሙሄን ለሕክምና የሚያመላልሰው እሱ ነው። የሽንኩርቱንም ዕዳ እየከፈለ ነው። ብርቄ «አንተስ?» ስትለው በእጁ ወደ ሙሄ አመለከታት።

በመጨረሻ ሁሉም ወደ ሙሄ ዞሩ። ሙሄ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«እኔን አትጠይቁኝ ልጆቼ፤» አለ። «እግሬን ብትጠይቁት በር ላይ የቆመውን ይረግመዋል። ነፍሴን ብትጠይቋት ያንኑ ሰው ትመርቀዋለች። አንድ ሰው ውስጥ ሁለት ዳኛ ተቀምጦ እንዴት ይፈረዳል?»

የወልዲያው መኪና ውጭ ጥሩምባውን ነፋ። ብርቄ ቁልፏን አነሣቻት። በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩ ላይ ካሉት ገጾች የአንዱ ራስ ቀላ፤ ሕፃን ልጅ ትን ሲለው ምን ይደረግ የሚለው ገጽ ነው። እንግሊዝኛው ተለውጧል። አማርኛው አርጅቷል። አንድ ቦታ አንዲት እናት አሁን እያነበበችው ይሆናል።

መኪናው እንደገና ነፋ። ብርቄ ሦስቱን አየቻቸው፤ እጇ ተዘርግቷል፣ ወደ ማን እንደሚዞር ግን አላወቀም።

እናንተ ብትሆኑስ? እውነተኛውን ቃል ለክታ ሠርታ ላቆየችውና ዝም ላለችው፣ ሰው ያንብብ ብሎ ለዋሸውና በገዛ ትከሻው ላወጣው፣ ወይስ ሕጉን ሰብሮ የማያውቀውን ሰው ላዳነው? ቁልፉ ለማን ይገባል?